ሽጉጥና ልማድ

ልማድ ሰውን ከሥራው ጋር እንደሚያስማማው ሁሉ ከአደጋም ጋር ያስማማዋል። ሽጉጥ ታጥቆ መዋል የሚያስነሣው የግብረ ገብ ጥያቄም ከዚሁ ይመነጫል። በአሜሪካ ከግማሽ በሚበልጡት ግዛቶች በሕግ ያልተከለከለ አዋቂ ሰው ያለ ፈቃድ ወረቀት ሽጉጡን በልብሱ ሥር ይዞ ሊወጣ ይችላል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2022 ራስን ለመከላከል ከቤት ውጭ ሽጉጥ መያዝ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ መብት መሆኑን ወስኗል። ሕግ መብቱን ይሰጣል፤ መሣሪያው በምን ዓይነት ልቡና መያዝ እንደሚገባው ግን አይወስንም።

ጀማሪ ታጣቂ ይጨነቃል። ሰው ሁሉ ወገቡን የሚያይበት ይመስለዋል፤ በየጊዜው እጁን ሰዶ ይዳስሰዋል። ይህ ጭንቀት ራሱ አደገኛ ነው፤ የሚርበተበት ጣት ምላጭ ሳያስበው ሊስብ ይችላልና። ስለዚህ ምላጩን የሚሸፍን ጠንካራ ማኅደር መምረጥ፣ ባዶነቱ በተረጋገጠ ሽጉጥ እየመዘዙና እየመለሱ እጅን ማሠልጠን ለራስ ምቾት ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ለሌላው ሰው ደኅንነት የሚከፈል ዕዳ ነው።

ይሁን እንጂ ልምድ የሚያስገኘው መተማመን ሁሉ በጎ አይደለም። አሪስቶትል ስለ ጀግንነት ሲተነትን፣ በልምዳቸውና በትጥቃቸው የተመኩ ወታደሮች ደፋር ቢመስሉም አደጋው ከአቅማቸው ሲያይል ቀድመው እንደሚሸሹ አመልክቷል። ድፍረታቸው ከጠባያቸው የበቀለ አልነበረምና። ሽጉጥ ለባለቤቱ የሚያበድረው ድፍረትም ይህንኑ ይመስላል፤ ትናንት በትዕግሥት ያልፈው የነበረውን ስድብ ዛሬ እንዲመልስ ሊገፋፋው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1976 በአሪዞና የሽጉጥ ማሠልጠኛ ያቋቋመው ጄፍ ኩፐር በአራት ደንቦቹ ይታወቃል። መሣሪያ ሁሉ ዘወትር እንደ ጎረሰ ይቆጠር፤ ሊያጠፉት ወደማይሹት ነገር አፈ ሙዙ አይዙር፤ ዒላማ ላይ ሳይነጣጠር ጣት ምላጭ አይንካ፤ ዒላማውና ከበስተኋላው ያለው ተለይቶ ይታወቅ። እነዚህ ደንቦች ለጀማሪ ብቻ የተነገሩ አይደሉም፤ ይልቁንም የሚያስፈልጉት ለለመደው ሰው ነው። የመጀመሪያው ደንብ ባዶነቱን በዓይኑ ያየውን ሰው እንኳ በእርግጠኝነቱ እንዳይዘናጋ ይከለክለዋል።

እንግዲህ እውነተኛው መተማመን ራስን ከመጠራጠር ጋር አብሮ የሚኖር ነው። እጅ መሣሪያውን ይልመድ፤ ኅሊና ግን ክብደቱን አይርሳ። ከጠብ ዘወር ብሎ መሄድ የማይችል ሰው፣ ዒላማውን ባይስት እንኳ፣ ሽጉጥ ለመታጠቅ ብቁ ነው ሊባል ይችላልን?