ያልተከፈለ የሐምሌ ሂሳብ

ሐምሌ በኪራሙ ረጅም ወር ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያመሻል፤ ጭቃው ሰውን ከደጃፉ አያርቅም። የሚያርመው ወረቀት ያለቀበት መምህር ከራሱ ጋር ይፋጠጣል። እኔም ባለፈው ሐምሌ ከዚህ ፍጥጫ ለመሸሽ ስል ያነበብኩትን፣ ያየሁትንና የሰማሁትን ሁሉ በአንዲት ደብተር መመዝገብ ጀመርኩ። ሐሳቤ ሌላ አልነበረም፤ ክረምቱ በከንቱ አላለፈም ብሎ ለመጽናናት ያህል ነበር።

ወሩ ሲያልቅ ግን ደብተሯ የሂሳብ መዝገብ ሆና ቁጭ አለች። በግራ በኩል የወሰድኩትን ጻፍኩ፤ ሁለት መጻሕፍት፣ አራት ፊልሞች፣ ጎረቤቴ ቤት ከነልጆቿ ተሰብስበን የተከታተልነው የአማርኛ ድምፅ የተደረገለት የቱርክ ድራማ፣ በስልኬ ሚሞሪ ላይ የተጫኑ ሦስት መቶ ያህል ዘፈኖች። በቀኝ በኩል የከፈልኩትን ጻፍኩ፤ ዘፈን ላስጫንኩበት ሠላሳ ብር፣ ለጎረቤቴ ልጆች ስኳርና ሻይ ቅጠል። በቃ! ለደራሲው፣ ለዘፋኙ፣ ለፊልም ሠሪው የደረሰ አንዲት ሳንቲም አልነበረም። ለመሆኑ እኔ ማን ነኝ? አንባቢ ነኝ ወይስ ሌባ?

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን አጋነንክ አትበለኝ። የሌላ ሰው በቆሎ ማሳ ውስጥ ገብቼ አንዲት እሸት ብሸመጥጥ አገር ያወግዘኛል፤ እኔም አፍራለሁ። የሰው ድምፅ ስሸመጥጥ ግን የሚያየኝ የለም፣ የሚያፍርም የለም።

በገበያው ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ዘፈን የሚጭነውን ልጅ ይህንኑ ጠየቅኩት። የቀድሞ ተማሪዬ ነው። አልተቆጣም። «ቲቸር፣ እኔ የምሸጠው ዘፈኑን አይደለም፤ መብራቱንና ጊዜዬን ነው» አለኝ። ቀጥሎም «ኦሪጅናሉ ኪራሙ ይመጣል? ቢመጣ እገዛ ነበር፤ ሰውም ይገዛ ነበር» ሲል ጨመረልኝ። መልስ አልነበረኝም። መጻሕፍት ቤት የሌለበት፣ ሲኒማ የሌለበት ከተማ ነው የምንኖረው። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ከውጭው ዓለም ጋር ያገናኘን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞረው ሚሞሪ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአካባቢያችን በደረሰው እልቂትና መፈናቀል ሰዎች ቤትና ንብረታቸውን ጥለው ሲሸሹም ከኪሳቸው ሊያወጡት የቻሉት ዘፈን ይኸው የተገለበጠ ዘፈን ነበር። ለእነዚህ ሰዎች «መጀመሪያ ክፈሉ» የሚል አፍ ማን አለው?

የመገልበጥን ጥቅም የሚመሰክር ታሪክም አለ። ባለፈው ሐምሌ ካነበብኳቸው ሁለት መጻሕፍት አንዱ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው፤ ያነበብኩትም በፎቶ ኮፒ ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የታገደን መጽሐፍ የገለበጠ እጅ የሌባ እጅ ነበርን? በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም ሲጀምርም የማሳተሙ ፈቃድ በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ደንቡን ጥሶ ባያሳትም ኖሮ ዛሬ ዓለም የሚደነቅበት የዚያ ዘመን ሙዚቃ ስንቱ በቀረ ነበር!

እንግዲህ በዚህ በኩል ብቻ ብናየው ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። ዘፈን እንጀራ አይደለም፤ እኔ ስለሰማሁት ለሌላው አይጎድልበትም። ዳሩ ግን ዘፈኑ እንጀራ ባይሆንም ዘፋኙ እንጀራ ይበላል። እዚህ ላይ ወደ አገራችን ገበሬ እንመለስ። እኛ ዘንድ ሁለት ዓይነት የመረዳዳት ሥራ አለ። በደቦ ባለማሳው ይጠራል፣ ጎረቤት ይወጣል፣ ድግሱ ተበልቶ ይበተናል። ወንፈል ግን፣ በኦሮምኛ ዳዶ የምንለው፣ ቆጠራ አለው፤ ዛሬ ለእኔ ያረስክልኝን ነገ ለአንተ አርስልሃለሁ። በሁለቱም ገንዘብ አይከፈልም። ይሁን እንጂ ከየደቦው እየበላ ከማንም ማሳ የማይገኝ ሰው በሰፈሩ ይታወቃል። ማንም ሌባ አይለውም፤ ግን ስሙ ሲጠራ ሰው ዝም ይላል።

እኔስ? ጥላሁን ገሠሠ አርሶልኛል፤ ዓሊ ቢራ አርሶልኛል። «ጤዛ»ን ለመሥራት ኃይሌ ገሪማ ለዓመታት ገንዘብ ሲያፈላልግ ኖሯል፤ ፊልሙ በ2008 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ሲያገኝ እኔ ወሬውን እንኳ አልሰማሁም ነበር። ከዓመታት በኋላ በአንድ ዝናባማ ምሽት በስልኬ አይቼው አለቀስኩ። በማናቸው ማሳ ተገኘሁ? «እኔም የሰው ልጅ አስተምራለሁ፤ ወንፈሌን በዚያ ከፍያለሁ» ልል ሞከርኩ። ግን አያዋጣኝም፤ እኔ ለማስተማሬ ደመወዝ እቀበላለሁ።

ክርክሬ እዚህ ደርሶ ቆሞ ሳለ ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙብኝ።

የመጀመሪያው ከተማሪዎቼ አንዱ ዝናብ አባርሮት ቤቴ የገባ ቀን ነው። በስልኬ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይነበብ ነበር። ትንሽ አዳመጠና «ደራሲው ሲያነቡ እንዴት ያምራሉ!» አለኝ። ደነገጥኩ። መጽሐፉን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው፤ ከዓባይ ማዶ፣ ከጎጃም። በ1958 ዓ.ም. አሳተሙት። በሬዲዮ ያነበበው ደግሞ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ነው፤ በ1982 ዓ.ም. አርፏል። ልጁ ይህን ከየት ያውቀዋል? በስልኬ ላይ ያለው ጽሑፍ «ምዕራፍ 14» ብቻ ይላል። የጸሐፊውም የአንባቢውም ስም ከስልክ ወደ ስልክ ሲገለበጥ መንገድ ላይ ወድቋል።

ሁለተኛው የቆየ ቁስል ነው። ከዓመታት በፊት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የታሪክ ማስታወሻ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁለት ክረምት የፈጀ ሥራ ነው። አንድ ቀን ወደ ሌላ ከተማ ሄጄ ወረቀት ላባዛ ከገባሁበት ቤት ማስታወሻዬ ተደርድሮ ሲሸጥ አየሁ። በመጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ልጆቹ እየተማሩበት ነውና። አንዱን አንስቼ ስገልጠው ስሜ የነበረበት የመጀመሪያው ገጽ ላይኛው ጫፍ በነጭ ወረቀት ተሸፍኖ ነው የተባዛው። ያን ጊዜ የተሰማኝን ስሜት ዛሬም በትክክል መግለጽ አልችልም። ገንዘቡ አልነበረም ያቃጠለኝ፤ ከአንድ ቅጂ የሚገኘው ለቡና እንኳ አይበቃም። ያቃጠለኝ የእነዚያ የሁለት ክረምት ሌሊቶች ባለቤት አለመኖሩ ነው። አንድ ቅጂ ገዝቼ ዝም ብዬ ወጣሁ። ገልባጩም «የምሸጠው ወረቀቱንና ቀለሙን ነው» ይለኝ ነበር ይሆናል።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ዕዳዬ አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑ ገባኝ። አንዱ የእንጀራ ዕዳ ነው፤ ሌላው የስም ዕዳ። ሕጋችንም ይለያቸዋል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው ከጥቅም መብቱ ሌላ፣ የሥራው ባለቤት ተብሎ እንዲታወቅ የሞራል መብት ይሰጠዋል። የእንጀራውን ዕዳ የምከፍልበት መንገድ ከኪራሙ ላይኖር ይችላል፤ ድህነትና ርቀት ያመካኛል። የስሙን ዕዳ ላለመክፈል ግን ምን ምክንያት አለኝ? ስም መጥራት መንገድም ኔትወርክም አይጠይቅም። አምሃ እሸቴ ደንብ ጥሷል፤ የዘፋኙን ስም ግን ሸክላው ላይ አትሟል። «ኦሮማይ»ን የገለበጡት ሰዎች የበዓሉን ስም ቢፍቁት ኖሮ የገዳዮቹን ሥራ ይጨርሱላቸው ነበር።

አንድ ሰኞ ደብተሬን ይዤ ወደ ልጁ ሱቅ ሄድኩ። ከዘፈኖቹ የማውቃቸውን ያህል የዘፋኙን፣ ካወቅኩም የዜማና የግጥም ደራሲውን ስም ጻፍንባቸው፤ የማላውቃቸውን ከእኔ የሚበልጡ ሽማግሌዎችን ጠየቅን። ስድስት ምሽት ፈጀብን። ልጁ በመጀመሪያ አላመነበትም፤ «ማን ያነበዋል ቲቸር?» እያለ ሳቀብኝ። ብዙው ደንበኛ በእርግጥም አላነበበውም። አንድ እረኛ ግን ተመልሶ መጥቶ «የዚህ ሰውዬ ሌላ ዘፈን የለም?» ብሎ በስሙ ጠየቀ። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ከገቢው ይልቅ ነገሩ ደስ እንዳለው ከፊቱ አነበብኩ።

አንባቢ ሆይ፣ ነጻ ወጣሁ ብዬ እንዳልጨርስ ግን የሚከለክለኝ ነገር አለ። ስም እንጀራ አይሆንም። ስማቸውን አገር የሚያውቀው ስንት አርቲስቶች በታመሙ ጊዜ በአደባባይ ርዳታ ተለምኖላቸዋል! የሚለምኑላቸውም፣ አስር ብር የሚሰጡትም እንደኔ ሥራቸውን በነጻ ሲሰሙ የኖሩ ናቸው። ስለዚህ ነቀምት በወረድኩ ቁጥር አንድ ኦሪጅናል መጽሐፍ ልገዛ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ እስካሁን ሁለቱን ገዝቻለሁ፣ አንዴ ደግሞ ገንዘቡን ለዘይት አውለዋለሁ።

ደብተሯ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ናት። በቀኝ በኩል ያለው ዓምድ ትንሽ ሞልቷል። በግራ በኩል ያለው ግን፣ ዝናቡ በጮኸ ቁጥር፣ ይረዝማል።