ምን እያነበባችሁ ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በጾም ወራት እርስ በርሳችን ብዙ እንጠያየቃለን። «እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትጾሚው?» «ቅዳሴ ገባህ ወይ?» «ለፋሲካ ምን አሰባችሁ?» እንባባላለን። አንድ ጥያቄ ግን እየተረሳ ነው። «በዚህ ጾም ምን እያነበብክ ነው?» ተብላችሁ ከተጠየቃችሁ ምን ያህል ጊዜ ሆናችሁ? እኔ ባለፈው ዓመት ይህን ተጠይቄ ወድቄያለሁ። እስኪ አወዳደቄን ልንገራችሁ።

አንዲት እናት የጠየቁኝ

የምኩራብ ሳምንት ረቡዕ ነበር። ከሰዓት በኋላ በሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ቅዳሴው አልቆ፣ ሕዝቡ ጠበል ጠጥቶ ሲበተን እኔም ልብሰ ተክህኖዬን አስቀምጬ ወጣሁ። ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ዲያቆን፣ አሁን ምን እያነበብክ ነው?» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ሳምንት ለአገልግሎት ከሚነበበው በቀር አንድም መጽሐፍ አልገለጥኩም። ማታ ማታ ስነካካ የማመሸው ስልኬን ነበር። ግን ይህን እንዴት ብዬ ልናገር? የአብነት ተማሪ ነኝ፤ ዲፕሎማም አለኝ፤ ሰውም «የተማረ ዲያቆን» ይለኛል። አፌ ቀደመኝና «ሃይማኖተ አበውን እያነበብኩ ነው እማማ» አልኳቸው። መጽሐፉ ቤቴ መደርደሪያ ላይ አለ። ከገዛሁት ቆይቷል፤ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ግን አላለፍኩም።

ፊታቸው በራ። «እሰይ! ታዲያ ምን አገኘህበት?»

ላብ አጠመቀኝ። «ስለ... ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ ነው» ብዬ ተንተባተብኩ።

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያም «እኔ እንኳ ማንበብ አልችልም። እሑድ የተነበበውን ወንጌል ነው እስከ ዛሬ የማመላልሰው። ጌታ ከቤተ መቅደስ በጉንም በሬውንም አስወጣ፤ የለዋጮቹን ገበታ ገለበጠ። ርግብ ሻጮቹን ግን ከዚህ አውጡ ብሎ በቃል አዘዛቸው እንጂ ርግቦቹን አልበተነም። ርግብ የድሃ መሥዋዕት ናት አሉ። ተቆጥቶም ለድሃ ያዝናል ማለት ነው አልኩኝ በልቤ» አሉና፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለውኝ በትራቸውን ተደግፈው ሄዱ።

ወገኖቼ፣ መጽሐፉ ያለው እኔ ቤት ነው። ንባቡ ያለው ግን እሳቸው ልብ ውስጥ ነበር። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ከቁጥር 13 ጀምሮ ያለውን፣ ስለ ድሃ መሥዋዕት ደግሞ ዘሌዋውያን 12፥8ን ብታነቡ እናታችን ያሉትን ታገኙታላችሁ። እኔ ያን ወንጌል ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ርግቦቹን ግን አላየኋቸውም ነበር።

በሠረገላው ላይ

ስለ ንባብ መጠያየቅ የዛሬ ነገር አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ከቁጥር 26 ጀምሮ የተጻፈውን የአገራችንን ሰው ታሪክ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የንግሥት ሕንደኬ ሹም ነው፤ በገንዘቧ ሁሉ ላይ የሠለጠነ ሰው ነው። ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሲመለስ፣ ወደ ጋዛ በሚወስደው ምድረ በዳ መንገድ ላይ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ፊልጶስ ሮጦ ሲደርስ የሚያነበውን ሰምቶታል። ጃንደረባው ድምፁን አሰምቶ ያነብ ነበር ማለት ነው። በዚያ ዘመን ሰው በአብዛኛው የሚያነበው እንዲህ ነው። የእኛም አባቶች ዳዊት ሲደግሙ ጎረቤት ይሰማቸው ነበር። ንባብ በባሕርይው ለሌላው የሚተርፍ ነው።

ሁለተኛ፣ ፊልጶስ የሚያነበው ይገባው እንደ ሆነ ሲጠይቀው ጃንደረባው አልተቆጣም፤ አልዋሸምም። የሚመራው ሰው እንደሌለው በግልጽ ተናገረ። አስቡት እንግዲህ! የአንድ መንግሥት ግምጃ ቤት በእጁ ያለ ሹም በእግሩ ለመጣ መንገደኛ «አልገባኝም» አለው። ከዚያም ወጥቶ ከጎኑ እንዲቀመጥ ለመነው። ያልገባው ክፍል ስለ ክርስቶስ መከራ የሚናገረው ኢሳይያስ 53 ነበር። ተተረጐመለት፤ በመንገድ ውኃ አገኘ፤ ተጠመቀ፤ ደስ ብሎትም መንገዱን ሄደ። አልገባኝም ማለቱ ለጥምቀት አበቃው። የእኔ «አውቃለሁ» ማለት ግን ያተረፈልኝ ላብ ብቻ ነው።

ሰው ያጣ መጽሐፍ

ቀጥሎ ያለው እሑድ መጻጉዕ ነው። 38 ዓመት በአልጋ ላይ የኖረው በሽተኛ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ለጌታ ሲነግረው (ዮሐ 5፥1-9) በቤተ ክርስቲያን ስሰማ እኚያ እናት ትዝ አሉኝ። ለምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ አላወቅሁም። ብቻ ከቅዳሴ በኋላ ፈልጌ አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያን ዕለት ዋሽቼዎታለሁ። ሃይማኖተ አበውን እያነበብኩ አልነበረም።»

«አውቄብሃለሁ ልጄ» አሉኝ ፈገግ ብለው። «ያነበበ ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል እንጂ አያልበውም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ልፈትንህ የጠየቅሁህ መሰለህ እንዴ? እኔ አንባቢ ፈልጌ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ሌሊት ተነሥቶ ዳዊት ሲደግም እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማው ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ዳዊቱን የሚከፍተው ጠፋ። ምን እያነበብክ ነው የምለው፣ የሚያነብልኝ ሰው ባገኝ ብዬ ነው። ሁላችሁም ትልልቅ መጽሐፍ ስትጠሩልኝ ለእኔ ጊዜ የላቸውም እላለሁና አፍሬ እተወዋለሁ።»

ምን ልበላችሁ? አንዲት የኩራት ውሸት ምን እንደምትዘጋ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እኔ የዋሸሁት ራሴን ከፍ ለማድረግ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካስ ሰው ባጣ ሰው ፊት በር እየዘጋሁ ኖሯል።

በዚያው ዕለት ቤታቸው ሄድኩ። ዳዊቱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከሥዕለ አድኅኖው ሥር ተቀምጧል። እንደምታውቁት 150ው መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ይደገማል፤ በመጽሐፉ ውስጥ የነቢያት ጸሎት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ይከተሉታል። ስገልጠው ምልክት የተደረገበት ክር የዓርብ ንባብ መጀመሪያ ላይ ነበር። አባታችን የሐሙስን ጨርሰው ነው ያረፉት። ቀኑ እሑድ ቢሆንም እኔም ከዓርብ ጀመርኩ። እናታችን ግእዝ አልተማሩም፤ ግን አንዳንዱን ቃል ቀድመውኝ ይሉት ነበር። ከዓመታት መስማት ጆሯቸው ላይ ቀርቷል።

ከጥግ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካ የነበረው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የልጅ ልጃቸው ድንገት ቀና አለና «ምን ማለት ነው?» አለኝ። የጃንደረባው ጥያቄ ሐዋሳ ላይ ተጠየቀ! ዛሬ አማርኛውን የሚያነብላቸው እሱ ነው።

ያነበበውም የሰማውም

የብራና መጻሕፍትን መጨረሻ ያየ ያውቀዋል። ጸሐፊው ሥራውን ሲፈጽም ያጻፈውን፣ የጻፈውን፣ ያነበበውን፣ የተረጐመውን፣ ቃሉንም የሰማውን እግዚአብሔር እንዲምር ይለምናል። አያችሁ? የሰማው ከጻፈው ጋር አብሮ ተቆጠረ! ቆዳው ተፍቆ፣ ቀለሙ ተበጥብጦ፣ በመቃ ብዕር ፊደል በፊደል ተጽፎ የሚያልቅ መጽሐፍ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አይቀርም ነበር። አንዱ ያነባል፤ አገር ይሰማል።

ብዙ ጊዜ በዚያው ገጽ ላይ መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ የተወገዘ ይሁን የሚልም ይጻፍ ነበር። ይህን ስታነቡ ተውሳችሁ ያልመለሳችሁት መጽሐፍ ትዝ አላችሁ? እኔም ሁለት አሉብኝ። ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ በእስር ሳለ በጢሮአዳ የተዋቸውን መጻሕፍትና ብራናዎች እንዲያመጣለት ለጢሞቴዎስ ጽፎለታል (2ኛ ጢሞ 4፥13)። መጽሐፍ ባለቤቱን ይናፍቃል፤ ባለቤቱም መጽሐፉን።

ዛሬ መጽሐፍ ተትረፍርፏል። የተስፋ ገብረ ሥላሴ ማተሚያ ቤት ፊደልና ውዳሴ ማርያም በየቤቱ ገብቷል። 81ዱን መጻሕፍት የያዘው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ2000 ዓ.ም. ታትሞልናል። በስልክም ይነበባል። የጎደለው መጽሐፍ አይደለም። ስላነበብነው መነጋገሩ ነው የጎደለው።

የዓለሙን መጽሐፍስ?

አንዳንድ ወጣቶች «ዲያቆን፣ ልቦለድ ማንበብ ኃጢአት ነው ወይ?» ይሉኛል። ቅዱስ ባስልዮስ ለወጣቶች በጻፈው ትምህርቱ ንቦችን ምሳሌ አድርጎ መልሶታል። ንብ አበባ ሁሉ ላይ አታርፍም፤ ካረፈችበትም የሚጠቅማትን ወስዳ ሌላውን ትታ ትሄዳለች። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሰው ናቸው፤ በዛብህም የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነው። እኔ በጉርምስናዬ አንብቤዋለሁ፤ የአብነት ተማሪውን ኑሮ ስላየሁበት አልጸጸትም። ነገር ግን ለሁሉ ጊዜ አለው። በ55ቱ ቀን ሆድ ከሥጋ ሲከለከል ዓይንም ቅድሚያ የምትሰጠው ይኑራት።

እንዴት እንጠያየቅ?

አንደኛ፣ እውነቱን እንናገር። ምንም እያነበብን ካልሆነ «ምንም» እንበል። ከዚያ ላይ መጀመር ይቻላል፤ ከውሸት ላይ ግን አይቻልም።

ሁለተኛ፣ የመጽሐፉን ስም ብቻ ጠርተን አንለፍ። እንደ እኚያ እናት ያገኘናትን አንዲት ነገር እንናገር። ቅዳሜ ማታ በፍቅር ሐይቅ ዳር ስትንሸራሸሩ፣ ባጃጅ ውስጥ ስትሄዱ፣ ቤት ስትቀመጡ ተጫወቱበት። ኦሪትም ቃሉን በቤት ስንቀመጥ በመንገድም ስንሄድ እንድንነጋገርበት ታዝዛለች (ዘዳ 6፥7)።

ሦስተኛ፣ ያልገባንን መምህራንን እንጠይቅ። የጾሙ ሰባተኛ እሑድ የተሰየመለት ኒቆዲሞስ የእስራኤል መምህር ሳለ በሌሊት መጥቶ ጠይቋል። በራሳችን ግምት ከመተርጐም መጠየቅ ይሻላል።

አራተኛ፣ ለማያነብ እናንብብ። በየሰፈራችን ዓይናቸው የደከመ፣ ፊደል ያልቆጠሩ አባቶችና እናቶች አሉ። ሩብ ሰዓት ይበቃቸዋል። አንድ መዝሙር፣ የዕለቱን ስንክሳር፣ ወይም የሳምንቱን ወንጌል አንብቡላቸው።

አምስተኛ፣ የተዋስነውን እንመልስ። እኔ አንዱን መልሻለሁ፤ ሁለተኛው ከሆሳዕና በፊት ይመለሳል።

እንግዲህ ዛሬ ብትጠይቁኝ እንዲህ እላችኋለሁ፤ ሃይማኖተ አበውን ከመጀመሪያው ጀምሬያለሁ። በቀን ሁለት ገጽ ብቻ ነው፤ ብዙው አልገባኝም፤ መምህሬን እየጠየቅሁ ነው። እሑድ ደግሞ እዚያ ቤት እሄዳለሁ። ልጁ ያነባል፤ እኛ እንሰማለን።

እናንተስ ምን እያነበባችሁ ነው? ይህችንም መጽሔት ስትጨርሱ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጧት። ለጎረቤት ስጡ፤ ማንበብ ለማይችል አንብቡለት። ቃሉን ሰምተን፣ ላልሰማውም አሰምተን፣ ጾሙን ፈጽመን ለብርሃነ ትንሣኤው እንድንደርስ የልዑል እግዚአብሔር ቸርነት፣ የድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።