የማይታየው ጎታች

በዚህ ወር ተራው ያንተ ነው ተብዬ ነው የጻፍኩት። እንደምታውቁት ሰባኪ ሳልሆን የቤት ሹፌር ነኝ። ስለዚህ መሪ ይዤ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

በቀደም ከመንፉሐ ወጥቼ በኸርጅ መንገድ ስነዳ መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። ሜዳ ነው፣ ነፋስም የለም። በ120 እየሄድኩ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሳሁ። ፍሬን አልነካሁም። መኪናው ግን ወዲያው መቀነስ ጀመረ። ማነው የያዘው? ፊት ለፊቱ ግድግዳ የለ! ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ይፋተጋል፤ በዚያ ፍጥነት ግን ዋናው ጎታች አየር ነው፤ እጃችንን በመስኮት ስናወጣ የሚገፋን ያው አየር።

ኒውተን እንዳለው የሚሄድ ነገር የሚይዘው ኃይል ከሌለ መሄዱን አይተውም። አየር ግን ሁልጊዜ ይይዛል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉተታው አራት እጥፍ ነው፤ በ60 ከሚሄደው ይልቅ በ120 የሚሄደውን አራት ጊዜ አብልጦ ይጎትታል። ስለዚህ እግራችንን ስናነሳ መኪናው መጀመሪያ ላይ ቶሎ ይቀንሳል። ከዚያ የአየሩ ጉተታ እየላላ ይሄዳል፤ መዘግየቱም ለተቀመጠው ሰው እምብዛም አይታወቀውም።

ይህ «አይታወቀውም» የሚለው ነገር እኔን አስደነገጠኝ። ምክንያቱም ወደዚህ አገር ስመጣ ለእናቴ በየዓርቡ እደውልልሻለሁ ብያት ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ደወልኩ። ከዚያ በሁለት ሳምንት ሆነ፣ ከዚያ በወር፣ ከዚያ ለበዓል ብቻ። አልተጣላንም፣ ክፉም አልሠራሁም። ሥራ፣ ድካም፣ እንቅልፍ ነው። ባለፈው ፋሲካ ስደውል «ልጄ፣ ድምፅህ እኮ ጠፋኝ» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 12 ስለ ሩጫ ሲያስተምር ኃጢአትን ብቻ አስወግዱ አይልም፤ ሸክምንም ለይቶ ይጠራል። ወገኖቼ፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ኃጢአትን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፣ እንደ ግድግዳ ያጋጨናል። ሸክም ግን እንደ አየር ነው፤ ጥፋት ስላልሆነ ማንም አይቆጣን፤ ቀን በቀን ግን ያዘገየናል።

ታዲያ ምን ይሻላል? አንደኛ፣ መኪናው በ120 እንዲዘልቅ የሚያስፈልገው አየሩ የሚወስድበትን ያህል ጉልበት ሳያቋርጡ መስጠት ነው። አንድ ሌሊት ሙሉ አልቅሶ ወር ሙሉ ከመተው፣ በየቀኑ አሥር ደቂቃ መጸለይ ይሻላል። የእናትም ስልክ እንደዚሁ።

ሁለተኛ፣ ብቻችንን አንሩጥ። የማራቶን ሯጮቻችን በሰዓት ወደ 21 ኪሎ ሜትር ሲሮጡ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ በዚያው ፍጥነት የሚመጣ አየር ፊታቸውን ይገፋቸዋል። ከሰው ጀርባ የሚሮጥ ግን ጉተታው ይቀልለታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በበርሊን ቀነኒሳ በቀለ የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች ብቻውን ሮጦ በ2:01:41 አሸነፈ፤ በጊዜው ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን የዘገየው በ2 ሰከንድ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ኬንያዊው ኪፕቾጌ በቪየና 1:59:40 ሮጠ። በክብረ ወሰንነት አልተመዘገበለትም፤ ምክንያቱም 41 ሯጮች እየተፈራረቁ፣ አምስቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ ሆነው አየሩን ሲቀንሱለት ነበር። ልብ በሉ፣ ከፊት ያለው ይደክማል፤ ስለዚህ ይፈራረቃሉ።

ኅብረት ማለት ይኸው ነው። ዛሬ አንዱ ከፊት ሆኖ አየሩን ይቀበላል፣ ነገ ሌላው። ከሰው ቤት መውጣት የማይፈቀድላቸው እህቶቻችን አሉ፤ ይህች ወረቀት የምትደርሳቸው በሰው እጅ ነው። ወረቀቷን የምታደርስ እህት ከፊት ቆማላቸዋለች ማለት ነው። ሦስት ሳምንት ያልታየ ወንድም ካለ «ጠፋ» ብለን አንለፈው። ምናልባት እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንስቶ ይሆናል፤ ራሱም አላወቀም። እንደውልለት።

እኔ ዓርብ ዕለት ለእናቴ ደወልኩ። ዛሬ ምን በዓል ነው ብላ ሳቀችብኝ። በሚቀጥለው ዓርብ ሳገኛችሁ «ደወልክ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁኝ።

ጌታ ሩጫችንን ያስፈጽመን። አሜን።

ወንድማችሁ፣ ከመንፉሐ