ከማን ነው የገዙት?

በአማርኛችን «ተራ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። «ተራዬ ደረሰ» ስንል አንድ ነገር ነው፤ «ተራ ሰው» ስንል ሌላ። ሁለቱ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ይሁኑ አይሁኑ የቋንቋ ሊቃውንት ይፍረዱት። እኔ ግን ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ የገና ዕለት፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ በገመድ መካከል እየተጠማዘዝሁ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ስቆም፣ ተራ ሰው ማለት ተራውን የሚጠብቅ ሰው ማለት እንደሆነ ያለ ሊቅ እርዳታ ተረዳሁ።

እዚያ ምን ወሰደህ ለሚለኝ አንባቢ፣ የወሰደችኝ እኅቴ ናት። ሎስ አንጀለስ ትኖራለች፤ ከተማው እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ከሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ብዙም አትርቅም። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ተቀጥራ ሽማግሌና አሮጊት ትንከባከባለች። በፈረንጅ ገና ቀን ሁልጊዜ ሥራ ገቢ ናት። «የእኔ ገና ገና ነው» እያለች የሌሎቹን ፈረቃ ትሸፍናለች፤ እነሱም በፈንታቸው ታኅሣሥ 29 ቀን ይሸፍኑላታል። በዚያ ዓመት ግን እንደ አጋጣሚ ዕለቱ የዕረፍት ቀኗ ሆነ። ልጆቿ፣ የዘጠኝ ዓመቱ ወንድና የስድስት ዓመቷ ሴት፣ ይህን የሰሙ ዕለት ፓርክ ካልወሰድሽን ብለው እግሯ ላይ ወደቁ። የነቢያት ጾም ስለነበር ቆሎና ዳቦ በፌስታል ቋጥረን ሄድን። የመግቢያውን ዋጋ አልናገርም፤ እኅቴ በስልኳ ስትከፍል ግን ፊቷን አይቻለሁ።

የሕዝቡን ብዛት ለመግለጥ የመርካቶን የአውደ ዓመት ዋዜማ ላነሣ ፈልጌ ነበር፤ አይመሳሰልም። መርካቶ ሰው ይጋፋል፣ ይከራከራል፣ ዶሮውን አንጠልጥሎ ይሄዳል። እዚህ ግን ማንም አይሄድም። ሁሉም ቆሟል። ለምግብ ሰልፍ፣ ለመጸዳጃ ሰልፍ፣ ቀይ ልብስ ከለበሰው የገና አባት ጋር ፎቶ ለመነሣት ሰልፍ፤ በጠራራ ፀሐይ ሰው ሠራሽ በረዶ ለመንካት እንኳ ሰልፍ። የሚገርመው ደግሞ ማንም አያማርርም። ሕፃን አዝላ የቆመች፣ አያቱን በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ፣ እየተጓተቱ የሚሣሣቁ ጎረምሶች፣ ሁሉም በየቦታው ቆሟል። እኔ ይህን ሳይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ላይ ደስ ነው ያለኝ። ከየአገሩ የተሰበሰበ፣ የማይተዋወቅ፣ ቋንቋው የተለያየ ሕዝብ ያለ ፖሊስና ያለ ዱላ «አንተ ከፊቴ ነህ፣ እኔ ከኋላህ ነኝ» ብሎ መስማማቱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ልጆቹ ወደሚመኙት ጨዋታ ስንደርስ ሰሌዳው «100 ደቂቃ» ይላል። መግቢያው ሁለት ነው። በግራ በኩል የእኛ፤ እንደ አንጀት የሚጠማዘዝ፣ ሰው «ደረስሁ» ባለ ቁጥር ሌላ እጥፋት የሚያሳየው። በቀኝ በኩል ደግሞ ቀጥ ያለ፣ ሰው የማይቆምበት መተላለፊያ። በዚያ የሚመጡት ስልካቸውን ወደ አንድ ምሰሶ ያስጠጋሉ፤ ምሰሶው ያበራል፤ እነሱም ሳይቸኩሉ፣ ሳያፍሩም፣ በአጠገባችን ያልፋሉ። ሁለቱ መንገዶች ከላይ ይገናኛሉ። መገናኛው ላይ የቆመ አንድ ወጣት ሠራተኛ በእጁ እያመለከተ ከዚያኛው ወገን ብዙ፣ ከእኛ ወገን ጥቂት ያሳልፋል። ቆሞ ሥራ የፈታ ሰው ይቆጥራልና ቆጠርሁ። አሥራ አራት ከእነሱ፣ ሦስት ከእኛ።

ልጁም ያያል ለካ። «እነሱ ቀጠሮ አላቸው?» ብሎ እናቱን ጠየቃት።

«የለም፤ ገዝተው ነው።»

«ምን ገዝተው?»

«ተራ።»

ጥቂት አሰበና በዚያ ጎርበጥ ባለ አማርኛው «ከማን ነው የገዙት?» አለ።

«ከፓርኩ ነዋ።»

«ፓርኩ እኮ አልተሰለፈም» አላት።

እኅቴ ሣቀች። እኔም ሣቅሁ። የልጁ ነገር ግን ገመዱን ስዞር ሁሉ አብሮኝ ዞረ። እውነቱን እኮ ነው። የጨዋታው ወንበሮች በሰዓት የሚያሳፍሩት ሰው የተወሰነ ነው። ከፊቴ አንድ ሰው ሲጨመር ወንበር አይጨመርም፤ እኔ አንድ ወንበር ወደ ኋላ እገፋለሁ። ያ ሰው የገዛው ሃምሳ ደቂቃ ከሰማይ አልወረደም፤ ከእኛ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ተቀንሶ የተሰበሰበ ነው። ባለቤቶቹ እኛ ነን፤ ሻጩ ሌላ፣ ገንዘቡን የተቀበለውም ሌላ። በመንደራችን ቋንቋ ይህ የሰውን በግ ገበያ ማውጣት ነው።

ነገሩ ግን በአንድ ጀምበር እንዲህ አልሆነም። የዚህ ሁሉ ፓርክ አባት የሆነው ዲዝኒላንድ በእኛ ሐምሌ 10 ቀን 1947 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ሰዎች ሐሰተኛ የጥሪ ወረቀት አሳትመው ገብተው ከተጠበቀው በላይ ሕዝብ እንደተጨናነቀ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት እስከ 1982 እ.ኤ.አ. ድረስ ጎብኚው በፊደል የተለዩ ትኬቶች ያሉበትን ደብተር ይገዛ ነበር፤ ለትልልቆቹ ጨዋታዎች ከፍ ያለው ትኬት ያስፈልጋል። ሀብታም ብዙ ይጫወታል፤ ድኻ ጥቂት። ግን ትኬቱን የያዘ ሁሉ አንድ ሰልፍ ላይ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ አንድ ብልኃት መጣ። ጎብኚው ከአንድ መሣሪያ ላይ ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ይወስዳል፤ ዞሮ ዞሮ በሰዓቱ ተመልሶ በአጭሩ መንገድ ይገባል። ለማንም በነፃ ነበር። ተራ ተቀጠረ እንጂ አልተሸጠም። በወረርሽኙ ጊዜ ፓርኮቹ ሲዘጉ ያ ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በቦታው የመጣው በገንዘብ ነው። በ2024 መጨረሻ ዲዝኒላንድ ከመግቢያው ሌላ በቀን 400 ዶላር የተተመነ፣ የመመለሻ ሰዓት እንኳ መምረጥ የማያሻው መተላለፊያ አወጣ። ገመዱ ያው ገመድ፣ በሩም ያው በር ነው፤ በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ የተለወጠው ተራ የሚባለው ነገር የማን እንደሆነ ነው።

የሃርቫርዱ ፈላስፋ ማይክል ሳንዴል እ.ኤ.አ. በ2012 ገንዘብ ሊገዛው ስለማይገባ ነገር ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ምዕራፍ የሰጠው ለዚሁ ለወረፋ ጉዳይ ነው፤ የመዝናኛ ፓርኮችንም ያነሣል። የኢኮኖሚ ሰዎች መልስ አላቸው። ማንም አልተገደደም፤ ጊዜው የከበደበት ይክፈል፤ ገንዘብ የቸገረው ይቁም፤ ሁሉም የሚሻለውን አገኘ ይላሉ። ይህን ክርክር ለእኅቴ ነገርኋት። እሷ ጊዜዋን በሰዓት የምትሸጥ ሴት ናትና ሒሳቡን ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች።

«ለአራታችን ከ120 ዶላር በላይ ነው» አለችኝ። «የስድስት ሰዓት ሥራዬ ነው። ስድስት ሰዓት ሠርቼ ሦስት ሰዓት ልግዛ?»

የሒሳቡ ጉድ ይኸው ነው። በሰዓት መቶና ሁለት መቶ ዶላር ለሚያገኘው ሰው ሦስት ሰዓት በአንድ ሰዓት መግዛት ነው፤ ለእሷ ኪሳራ። አንዱ ሰዓት ከሌላው ሰዓት ይበልጣል ማለት ነው እንጂ፣ እሷ ለልጆቿ ያላት ጉጉት ከዚያኛው አንሶ አይደለም። እንዲያውም በዓመት አንድ የበዓል ቀን ብቻ ለምታገኝ እናት ሦስት ሰዓት ምን እንደሆነ ማን ይተምነዋል?

በዚሁ አሸንፌ ልወጣ ስል እኅቴ ሌላ ነገር ጨመረች። «ግን አንተ አትፍረድ» አለችኝ። «እዚህ ቢያንስ ዋጋው ተጽፏል። ያለው ይከፍላል፣ የሌለው ይቆማል፣ ማንም አይዋሽም። እኔ ወደዚህ ልመጣ ስል ለአንዲት ወረቀት አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ቀን እንደተመላለስሁ ረሳኸው? ከኋላዬ የመጣው ሁሉ በጓሮ እየገባ ፈጽሞ ሲወጣ አይ ነበር። እዚያ የሚያስፈልገው ሰው ነው። ሰው ከየት ይገዛል?»

መልስ አልነበረኝም። ያልነበረኝም ክርክሩ ከባድ ስለሆነ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናታችንን ለዓይኗ ሐኪም ዘንድ ወሰድኋት። ሐኪሙ በቀን የሚያያቸው ሰዎች ቁጥር የተወሰነ ነው፤ ባለጉዳዩ በሌሊት መጥቶ በር ላይ ያድራል። እኔ ካርድ ክፍል የሚሠራ የሠፈር ልጅ አውቅ ነበር። ደወልሁለት። ሦስት ሰዓት ላይ ደርሰን የእናቴ ካርድ ከሌሎቹ ላይ ተቀመጠ። አግዳሚው ወንበር ላይ ጋቢ የለበሱ አንድ የገጠር ሽማግሌ ነበሩ፤ አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል። ስማችን ሲጠራ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ እናንተ ቀጠሮ ነበራችሁ እንዴ?» አሉኝ። «አዎን አባቴ» አልኋቸው። «እንግዲያስ ይሁን» አሉ። አመኑኝ። ከምርመራው ስንወጣ የዕለቱ ቁጥር ሞልቶ ነበር፤ ሽማግሌው ነገ ተመለሱ ተብለው ከዘራቸውን እየፈለጉ ነበር። እኔ ያስገባሁት አንድ ሰው ነው፤ በእኔ ምክንያት የወጣውም አንድ ሰው ነው። እናታችን ያን ቀን እንዴት ቶሎ እንደታየች እኅቴ አታውቅም። ይህን መጽሔት ካነበበች ታውቃለች።

ከገንዘቡ በርና ከዘመዱ በር የትኛው ይከፋል ብዬ ብዙ አሰብሁ። የገንዘቡ በር ቀን በቀን ነው፤ የሚያልፈውን ታየዋለህ፤ ብትፈልግ ትቆጥረዋለህ። የዘመዱ በር ግን ጨለማ ነው፤ የተገፋው ሰው መገፋቱን እንኳ አያውቅም፤ ሲጠይቅም ይዋሻል። በሌላ በኩል የሠፈሬ ልጅ ያደረገልኝ ለእናቴ አዝኖ ነው፤ የፓርኩ ምሰሶ ለማንም አያዝንም። ይህን ስል ግን ራሴን እንዳላጽናና እፈራለሁ። ያ ልጅ ለሽማግሌው አላዘነም። እንዴት ያዝናል? አላያቸውማ።

«እንግዲህ ከመጣ ጊዜ በቀር ምንም አይታይ፣ ወረፋ ሁሉ እንደ ድንጋይ ደንቆሮ ይሁን ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ጠዋት መገናኛ ወይም ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ነፍሰ ጡር ስትመጣ አንዱ «እሷ ትግባ» ይላል፤ የሚቃወም የለም። እዚያ የሚያልፈው ሰው የሚያልፈው ባለተራዎቹ ራሳቸው ስለለቀቁለት ነው። እናቴ ስለ ደርግ ዘመን የቀበሌ ሱቅ ስታወራ፣ ሴቶች ሌሊት ወጥተው ድንጋይ በድንጋይ አስከትለው ወረፋ ይዘው፣ ልጅ ሊያጠቡ ወደ ቤት ይመለሱ ነበር ትላለች። ድንጋዩን የሚያነሣ አልነበረም። የጎረቤት ሴት «የእሷ ድንጋይ ይኸውና» ትላለች። የችግር በር ግን እሱም ይበላሻል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሀብታም ቤተሰቦች አካል ጉዳተኛ ሰው በሰዓት እየቀጠሩ በአካል ጉዳተኞች መግቢያ ይገባሉ ተብሎ በአሜሪካ ጋዜጣ ተዘገበ፤ በዚያው ዓመት ዲዝኒ አሠራሩን ለወጠ። ለሌላው የተለቀቀውን በር ከፍሎ መግባት! ይህን ሳነብ ተናድጄ ነበር። የእኔን ካርድ ክፍል ግን በዚያ ጊዜ አላስታወስሁትም።

በመጨረሻ ደረስን፤ ጨዋታው አራት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ልጆቹ እንደገና ካልን ብለው አለቀሱ። ሌላ ጨዋታ፣ ሌላ ሰልፍ። ሰልፉ አጋማሽ ላይ ትንሿ ሽንቷ መጣ። እናቷና ወንድሟ ቦታ ይዘው እኔ ይዣት ወጣሁ። ስንመለስ የሚታየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው፤ ቢያንስ ሰማንያ ሰው አልፈን መሄድ አለብን። አንገቴን ደፍቼ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያልሁ ገመድ ለገመድ ሾለክሁ። አንዲት ወፍራም ሴት፣ ከንግግሯ የሜክሲኮ ሰው የምትመስል፣ ሕፃን ታቅፋ መንገዱን ዘግታ ቆማለች። ዞር ብላ አየችኝ፤ ልጅቱንም አየቻት።

«እዚህ ነበራችሁ?» አለችኝ።

«አዎን» አልኋት። ወዲያውም፣ ሳትጠይቀኝ፣ በጣቴ ወደ እኅቴ አመለከትሁ።

አላየችም፤ ገመዱን ከፍ አድርጋ ያዘችልን። ጎንበስ ብለን አለፍን። ልጁ ቆሎውን እየቆረጠመ ቦታችን ላይ ቆሞ ነበር።

«ስንት ደቂቃ ቀረ?» አለችው እኅቱ።

«አርባ» አላት።