ሕመማችሁን ሸሽጋችሁ አትጓዙ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በዚህ ዘመን ኢንሹራንስም የለውም። ይህን የምለው በብሪታንያ የምትኖሩ፣ የታይሮይድ ካንሰር ታክማችሁ ለጥምቀት፣ ለእህት ልጅ ሰርግ፣ አንዳንዴም ለእናት ለቅሶ አገር ቤት የምትሄዱ ወገኖቼን አስቤ ነው። አብዛኛው የታይሮይድ ካንሰር በጊዜ ከታከመ የሚድን፣ ታካሚውም ሠርቶና ተጉዞ ረጅም ዕድሜ የሚኖርበት በሽታ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሽሽጉ ነው።

ካንሰር የሚለውን ስም ከዘመድ መደበቅ ለምደናል። ልጆች እንዳይደነግጡ፣ ሰው ከንፈር እንዳይመጥብን እንሰጋለን። ስጋቱ ይገባኛል፤ ለጎረቤት መንገርም አለመንገርም የታማሚው መብት ነው። የጉዞ ኢንሹራንስ ግን ውል ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የሸማቾች ኢንሹራንስ ሕግ፣ ደንበኛ ለሚጠየቀው ጥያቄ በጥንቃቄ እውነቱን እንዲመልስ ያስገድዳል። አውቆ የዋሸ ሰው ውሉ ይፈርስበታል፣ ካሳውን ይከለከላል፣ የከፈለው ዓረቦን እንኳ ላይመለስለት ይችላል። ባለማስተዋል የተሳሳተም ቢሆን ክፍያው ሊቀነስበት፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሊቀርበት ይችላል። “ማን ያውቅብኛል?” የሚል ካለ፣ የሕክምና ወጪ ሲጠየቅ ኩባንያው አስፈርሞ የጤና ታሪካችሁን ከቤተሰብ ሐኪማችሁ (ከጂፒያችሁ) ሊያስመጣ እንደሚችል ይወቅ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው “እኔ እኮ ድኛለሁ” ብሎ ሲያልፍ ነው። የኢንሹራንሱን ስልክ የምታነሳው ሠራተኛ የምትጠይቀው ዛሬ ምን እንደሚሰማችሁ ብቻ አይደለም። ካንሰሩ መቼ ተገኘ? ወደ አንገት ንፍፊት ወይም ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ተሰራጭቶ ነበር? ቀዶ ሕክምና ተደርጎላችኋል? ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ወስዳችኋል? ሕክምናው መቼ አለቀ? ውጤቱን የምትጠብቁት ምርመራ አለ? እያለች ትቀጥላለች። የታይሮይድ ዕጢው ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ዕድሜ ልኩን ሌቮታይሮክሲን የተባለውን ምትክ ሆርሞን ይውጣል፤ ያም ይነገር። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ከታይሮይድ ጀርባ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች ተጎድተውበት ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ የሚወስድም አለ። “ቫይታሚን ናት” ብሎ መዝለል አይገባም፤ ይህ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ ይመዘገባል። ደብዳቤዎቻችሁን ፊታችሁ ዘርግታችሁ ደውሉ። የመለሳችሁት ሁሉ በጽሑፍ እንዲላክላችሁ ጠይቁና ተቀምጣችሁ አንብቡት፤ የተሳሳተ ካለ በዚያው ሳምንት አሳርሙ።

እውነቱን መናገር ዋጋውን ያስወድደዋል፤ አልክድም። የመጀመሪያው ኩባንያ አልቀበልም ቢል ግን ተስፋ አትቁረጡ። ሕመም ላለባቸው መንገደኞች ብቻ የሚሠሩ ኩባንያዎች አሉ፤ መኒሄልፐር የተባለው በመንግሥት የሚደገፍ አገልግሎትም ዝርዝራቸውን በነፃ ይሰጣል። “ካንሰሩን ሳይጨምር በርካሽ እንሸጥልሃለን” ለሚለው ግን ቶሎ እሺ አትበሉ። ወደ ኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው እኔ አልመክረውም። ለአውሮፓ ጉዞ የምትይዙት የብሪታንያ የጤና ካርድ አዲስ አበባ ላይ አይሠራም፤ የግል ሆስፒታሎችም ከማስተኛታቸው በፊት ቅድሚያ ክፍያ ሊጠይቁ ይችላሉ። የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት “አትሂዱ” ወዳለው አካባቢ መሄድም ብዙውን ጊዜ ውሉን ያበላሻል። ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ የተባለባቸው አካባቢዎች ስላሉ፣ የምትሄዱበትን ከተማ በስም ጠቅሳችሁ ጠይቁ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ፣ ሜዲኬር ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከአገር ውጭ እንደማይከፍል ዕወቁ። እዚያ የሚሸጠው የጉዞ ኢንሹራንስ በአብዛኛው ውሉ ከመገዛቱ በፊት ያሉትን ከ60 እስከ 180 ቀናት ወደ ኋላ ተመልሶ ያያል፤ በዚያ ጊዜ የመድኃኒት መጠን መቀየሩን እንደ ሕመም ለውጥ የሚቆጥሩ ውሎች አሉ። የታይሮይድ ታካሚ መጠኑ በደም ምርመራ በየጊዜው ከፍ ዝቅ ስለሚል ይህች አንቀጽ በቀጥታ ትነካዋለች። ገደቡን የሚያነሳው ተጨማሪ ሽፋን የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ለጉዞው የመጀመሪያውን ገንዘብ ከከፈላችሁ በኋላ ባሉት 14 ወይም 21 ቀናት ውስጥ ስትገዙ ነው። ኢንሹራንሱን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት።

አሁን ወደ ሻንጣው። ኤርፖርት ሚዛን ላይ 23 ኪሎው አልፎ፣ ሻንጣ መሬት ላይ ተከፍቶ፣ ጫማው ወዲህ ሽቶው ወዲያ ሲገለባበጥ ያላየ የለም። በዚያ ጥድፊያ የመድኃኒቱ ከረጢት ከሽሮ ማቅረቢያው ጋር ወደሚጫነው ሻንጣ ይገባና ሻንጣው በማግስቱ ሳይመጣ ይቀራል። መድኃኒታችሁ ከነካርቶኑ፣ ከሐኪም ማዘዣ ቅጂ ጋር፣ ከምትቆዩበት ጊዜ ቢያንስ በሁለት ሳምንት አስበልጣችሁ በእጅ ቦርሳችሁ ይሁን። ሌቮታይሮክሲን አንድ ቀን ቢዘለል ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ወዲያው አይጥልም። ካልሲየም ግን ፋታ አይሰጥም፤ የከንፈር ዙሪያና የጣት ጫፍ ጉንዳን እንደወረረው ከሆነባችሁ በቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አገር ቤት ገና ዓይናችሁን ስትገልጡ ቡና ይቀርብላችኋል። ሌቮታይሮክሲኑን በባዶ ሆድ በውኃ ዋጡና ቡናውን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አቆዩት፤ ካልሲየሙን ከሌቮታይሮክሲኑ በአራት ሰዓት ልዩነት አራርቁት።

ራዲዮአክቲቭ አዮዲን በቅርቡ የወሰደ ሰው ሐኪሙ ሳይፈቅድለት አይነሳ። ጉርሻ፣ ከሕፃናት ጋር ማደር፣ ነፍሰ ጡር አቅፎ መሳም በተባለው ቀን ልክ ይቅር። ጨረሩን የሚለዩ የኤርፖርት መሣሪያዎች ለወራት ሊጮሁ ስለሚችሉ፣ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የተሰጠበትን ቀን የያዘ ደብዳቤ ከሆስፒታሉ ተቀበሉ።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። ኩባንያዎች ታማሚው ሆስፒታል ከመተኛቱ በፊት፣ ካልሆነም በተቻለ ፍጥነት በ24 ሰዓቱ መስመራቸው እንዲደወልላቸው ይፈልጋሉ፤ ሳይደወል የወጣውን ወጪ አንከፍልም ሊሉም ይችላሉ። እናንተ ራሳችሁን ስታችሁ ብትወድቁ ማን ይደውላል? ምን እንደታከማችሁ የማያውቅ ወንድም ለሐኪሙ ምን ይለዋል? ለሁሉ ዘመድ አውሩ አልልም። ለአንድ የምታምኑት ሰው ሕመማችሁን ንገሩት፣ የውሉን ቁጥርና የስልኩን መስመር ስጡት። ከመሳፈራችሁ በፊት ይሁን።