ከድንጋዩ ጀርባ
በጃፓን፣ በኪዮቶ ከተማ በሚገኘው የሪዮአንጂ የቡድሂስት ቤተ መቅደስ አጸድ 15 ድንጋዮች በነጭ ጠጠር መካከል ተቀምጠዋል። ተመልካቹ በበረንዳው ላይ የትም ቢቀመጥ ቢያንስ አንዱ ይሰወርበታል። ፎቶግራፍ አንሺው አበባው ሲፈነዳ፣ ቅጠሉ ሲቀላ፣ በረዶው ሲወርድ እየተመላለሰ ያነሳል። ወቅቶቹን ሁሉ የሰበሰበ ይመስለዋል። ለመሆኑ ሠሪው ሳይታወቅ ውበት ታየ ይባላልን?

ከአንደኛው ድንጋይ ጀርባ ሁለት የሰው ስሞች ተቀርጸዋል። አንዳንድ ሊቃውንት እንደሚገምቱት፣ ስሞቹ በዚያ የመሳፍንት ዘመን “የወንዝ ዳር ሰዎች” እየተባሉ ይናቁ ከነበሩት አትክልተኞች የሁለቱ ናቸው። አድናቂው ከፊት ተቀመጠ፤ የሠራተኛው ስም ከኋላ ቀረ። ዛሬም ጠጠሩን በመስመር የሚያበጥረው እጅ በፎቶግራፉ ላይ እምብዛም አይታይም።

እንግዲህ ጥበብን የሚያከብር ሁሉ ስለ ተሰወረው ድንጋይ ይጠይቅ። ወቅት የሚሰጠው ቀለምን ነው፤ አጸዱን ያቆመውና ያቆየው ግን የሰው ላብ ነው።