ቀዳሚው የሚያቆምበት ቦታ

ኮምፒውተር ሲበራ ቡትሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ቀድሞ ይነሳል። ሃርድዌሩን በከፊል ያሰናዳል፤ የስርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ከርነሉን፣ ከተቀመጠበት አንስቶ ራም ላይ ይጭናል፤ ከዚያ ሥራውን አስረክቦ ይሄዳል። ከርነሉ ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ያስተዳድራል። በሁለቱ መካከል ያለው የሥራ ድርሻ ለመሐንዲሶች ብቻ የተተወ ይመስላል፤ ነገር ግን ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ጥያቄ አለበት። የሚጀምረውና የሚያስተዳድረው ሁለት ሲሆኑ የጀማሪው ግዴታ የት ላይ ያበቃል? ተረካቢውስ በእጁ የገባውን ምን ያህል ሊያምነው ይገባል?

የጥያቄው አንዱ ክፍል ምርጫ የለውም። ፕሮሰሰሩ ኃይል ባገኘበት ቅጽበት ራሙ ገና አይሠራም፤ የምልክቶቹ ጊዜ ተለክቶ እስኪስተካከል ድረስ አንዲት ፊደል እንኳ አይዝም። ከርነሉ ደግሞ በሜጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ ያለ ራም ማረፊያ የለውም። ስለዚህ በብዙ ማሽኖች ፋብሪካ ውስጥ በቺፑ ላይ የተጻፈ፣ የማይለወጥ ኮድ ይቀድማል። እሱም ቺፑ ውስጥ ባለች በኪሎባይት በምትለካ ማህደረ ትውስታ ላይ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም ያሳርፋል፤ ያ ፕሮግራም ራሙን ያነቃል፤ ራሙ ሲነቃ ትልቁ ቡትሎደር፣ ቀጥሎም ከርነሉ ቦታ ያገኛሉ። ከርነሉ የሚቆምበትን መሬት ራሱ ሊደለድል አይችልም፤ ለመደልደል አስቀድሞ መቆም አለበትና። እስከዚህ ድረስ የሚከራከር የለም።

ክርክሩ የሚነሳው ከራም በኋላ ነው። ስክሪኑን፣ ኔትወርኩን፣ ዩኤስቢውን ማን ያንቃ? ቡትሎደሩ ይችላል፤ ከርነሉም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1981 ከአይቢኤም ፒሲ ጋር የመጣው ባዮስ የተባለ ቀዳሚ ፕሮግራም ብዙውን ለራሱ ይዞ ነበር፤ የዘመኑ ስርዓተ ክወና ዶስ ዲስኩንም የቁልፍ ሰሌዳውንም የሚያገኘው በባዮስ በኩል ነበር። ሮን ሚኒች እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ሎስ አላሞስ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ሊኑክስባዮስ የተባለውን ፕሮጀክት ሲጀምር ከተቃራኒው ሐሳብ ተነሳ፤ ሊኑክስ የተባለው ከርነል አብዛኛውን ሃርድዌር እንደገና ራሱ የሚያሰናዳው ከሆነ ቀዳሚው የግድ የሆነውን ሠርቶ ይልቀቅ የሚል ነው። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ኮርቡት ይባላል።

ቀዳሚው ሥራ ሲያበዛ ጉዳቱ ቶሎ አይታይም። ቡትሎደሩ ከርነሉን በኔትወርክ የሚያመጣ ከሆነ በመንገዱ የኔትወርክ ቺፑን አንቅቶታል። ከርነሉ ሲነሳ ኔትወርኩ ይሠራል፤ ቺፑን ለከርነሉ የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ የጻፈው ሰውም ሥራዬ ተሳካ ብሎ ያርፋል። ያው ማሽን በሌላ ቀን ከሜሞሪ ካርድ ሲነሳ ግን ኔትወርኩ ዝም ይላል። ድራይቨሩ ቺፑን የሚያነቃበት መስመር ከመጀመሪያውም አልነበረውም፤ እስከዚያ ቀን በሌላው ድካም ኖሯል። የስክሪኑም ነገር ይህንኑ ይመስላል። ቡትሎደሩ ምስል አውጥቶ ያስረክባል፤ ሊኑክስ ተነስቶ ሲያበቃ ማንም የእኔ ናቸው ያላላቸውን ክሎኮች፣ መሣሪያዎቹ የሚሠሩባቸውን የጊዜ ምቶች፣ ያጠፋል፤ ስክሪኑም ይጨልማል። ከርነሉ ደንቡን ጠብቋል። ስክሪኑ ሥራ ላይ መሆኑን የነገረው አልነበረም። ጥፋቱ የሚገኘው ሳይናገር ባስረከበው ዘንድ ነው።

የዚህ ጥያቄ የቅርብ ዘመድ ሰሜን ወሎ ውስጥ፣ በራያ ቆቦ ቆላ አለ። ከምዕራቡ ደጋ የሚወርዱት ጎሊና፣ ሆርማትና ጎቡ በክረምት በደራሽ ጎርፍ ይሞላሉ። ሜዳው ላይ የሚጥለው ዝናብ ብቻውን ማሽላውን ለፍሬ ማድረስ የሚሳነው ዓመት ብዙ ነው፤ ጅጉርቲን የመሳሰሉ የአካባቢው ዝርያዎች የሚድኑት ጎርፉ አፈሩን አጥግቦ በሚተወው እርጥበት ነው። ገበሬው ጎርፉን የሚጠልፈው ከወንዙ አሸዋ፣ ከድንጋይና ከግራር ቅርንጫፍ በሠራው ክትር ነው። ጎርፉ ብዙ ጊዜ በሌሊት ይደርሳል፤ በጥቂት ሰዓትም ያልፋል። በዚያን ጊዜ ክትር ልሥራ የሚል ሰው ዘግይቷል። ስለዚህ ክትሩን ማበጀትና ደለሉን ከዋናው ቦይ መጥረግ ከክረምቱ በፊት በጋራ ጉልበት ያልቃል። የትኛው ማሳ በዚያች ሌሊት ይጠጣ፣ ለስንት ጊዜ፣ ከታች ላለው ምን ያህል ይለቀቅ የሚለው ግን አስቀድሞ አይቆረጥም፤ ውሃው ሲመጣ መጠኑን አይተው የውሃ አባት የሚባለው የውሃ አስተናባሪና ገበሬዎቹ ይወስኑታል።

ክትሩ ራሱ አንድ ጥበብ ይዟል፤ ከመጠን ያለፈ ጎርፍ ሲመጣ ይፈርሳል። ፍርሰቱ የኪሳራ ብቻ ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም። ክትሩ ሲሄድ ውሃው ወደ ወንዙ ይመለሳል፤ ቦዩና ማሳው ከመቦርቦር ይድናሉ። በራያ ሸለቆ ከተገነቡት ዘመናዊ የኮንክሪት መጥለፊያዎች ደግሞ በርካቶቹ በደለል ተቸግረዋል። የኮንክሪቱ አፍ ከፍታውም ስፋቱም በግንባታው ቀን ተወስኗል፤ ወንዙ ግን አሸዋና ጠጠር እያመጣ ወለሉን ይቀይራል። ክትር በየዓመቱ መሥራት ጉልበት ይጨርሳል፤ ግራርም ያስቆርጣል፤ ይህ ቀላል ዋጋ አይባልም። ቢሆንም የኮንክሪቱ ችግር ከጥንካሬ ማነስ የመጣ ሳይሆን በሰዓቱ ለሚገኘው ሰው መተው የነበረበትን ውሳኔ ቀድሞ ከመቁረጥ የመጣ ነው። አብዝቶ የሠራ ቡትሎደርም የሚሳሳተው በዚሁ ነው።

በራያ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ የሁለቱም እምነት ስለ መጀመሪያው ርክክብ የሚያስተምረው አለ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት ፍጥረታት 22 ናቸው። አራቱ ባሕርያት፣ መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስና እሳት፣ እሑድ ይቀድማሉ፤ ሰው የሚመጣው ዓርብ፣ መቆሚያውና ምግቡ ከተሰናዳ በኋላ ነው። ሆኖም ሳይሠራ የቀረለት ነገር ነበር። በኦሪት ዘፍጥረት ሁለተኛ ምዕራፍ እንስሳቱ ተፈጥረው ስም አልወጣላቸውም፤ ስም ማውጣቱ ለአዳም ተትቷል። ቁርኣን በበቀራ ምዕራፍ አላህ ለአደም ስሞችን ሁሉ እንዳስተማረው ይናገራል። በአንዱ ትረካ ተረካቢው አይቶ ይሰይማል፤ በሌላው ስሙን ከሰጪው ተቀብሎ ያውቃል።

ሁለቱም መንገዶች በማሽን ውስጥ ይገኛሉ። በተለመደው ፒሲ ከርነሉ ፒሲአይ መስመር ላይ ያሉትን መሣሪያዎች አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱም የሠሪውንና የራሱን ቁጥር ይመልሳል። እንደ ስልክ ባሉ የአርም ቺፕ ማሽኖች ግን ብዙዎቹ መሣሪያዎች ቢጠየቁ መልስ የላቸውም፤ የት እንዳሉና ምን እንደሆኑ የሚዘረዝር ዲቫይስ ትሪ የተባለ ሰነድ ከርነሉ ሲነሳ ይሰጠዋል። የሊኑክስ ጀማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2011 በአርም ኮድ መዝረክረክ ከተማረረ በኋላ ይህ አሠራር በሊኑክስ ተስፋፍቷል። ንጽጽሩ ከዚህ በላይ መሄድ የለበትም። በሁለቱም እምነቶች ፈጣሪ ፈጥሮ አይተውም፤ መግቦቱ አይቋረጥም። ቡትሎደር ግን አስረክቦ የሚሄድ ነው፤ ስለሚሄድም አሰጣጡ ይበልጥ ይጠየቅበታል።

ተረካቢው ምን ያህል ይመን ለሚለው መልሱ በነገሩ ይለያያል። ከርነሉ ሊፈትሽ የሚችለውን ፈትሾ፣ ሊያሰናዳ የሚችለውን ከመጀመሪያው አሰናድቶ መቀጠል ይገባዋል፤ ከላይ የተነገረው የኔትወርክ ድራይቨር የወደቀው ይህን ባለማድረጉ ነው። የራሙ መነሻና መድረሻ ግን ሌላ ነው። የተነገረው ልክ ሐሰት ከሆነ ከርነሉ ስህተቱን የሚያውቀው በሌለ መሬት ላይ ከረገጠ በኋላ ይሆናል። እዚህ ላይ እምነቱ ግዴታ ነው፤ ግዴታ ስለሆነም የተናጋሪው ኃላፊነት ይከብዳል።

ለ64 ቢት የአርም ማሽኖች የሊኑክስ ሰነድ ይህን ርክክብ በግልጽ ደንግጎታል። ራሙ የተሰናዳ ይሁን፤ የዲቫይስ ትሪው አድራሻ በመጀመሪያው ሬጅስተር ይቀመጥ፤ ያለ ፕሮሰሰሩ በቀጥታ ራሙ ላይ መጻፍ የሚችሉ መሣሪያዎች ሁሉ ይቁሙ። ከሦስቱ የመጨረሻው ትልቁን ቁም ነገር ይዟል። ቡትሎደሩ የኔትወርክ ካርዱን ሳያቆም ቢሄድ፣ ከውጭ የሚመጣው መልእክት ዛሬ የከርነሉ በሆነው ራም ላይ መጻፉን ይቀጥላል። ወደ ማሳው የከፈተውን ቦይ ሳይዘጋ ቤቱ የገባ ገበሬ ውሃ ሌሊቱን የጎረቤቱን ቡቃያ እንደሚያጥበው ማለት ነው። ካወቁት የሚብሰው ጥፋት ይህ ነው፤ ያልተሠራን ሥራ ተተኪው ሊሠራው ይችላል፤ ሳይቆም የተተወን ግን ስለማያውቀው አይጠብቀውም። ዩኢኤፍአይ የተባለው ቀዳሚ ፕሮግራም ባለባቸው ማሽኖች ወሰኑ ራሱ ትእዛዝ ሆኖ ተቀምጧል። ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም የቡት አገልግሎት ይብቃ ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ከጸደቀ በኋላ ከቀዳሚው የሚቀሩት ሰዓት መጠየቅንና ማሽኑን ማጥፋትን የመሰሉ ጥቂት አገልግሎቶች ናቸው።

መብራት ተቋርጦ ሲመለስ ራሙ ባዶ ነው፤ ቡትሎደሩ ያንኑ ሥራ ከሥሩ ይጀምራል። ጎርፍ የወሰደው የቆቦ ክትርም እንደገና ይሠራል።